ጌም ከስድሳ በኋላ፦ እንዴት ይጀመራል? ምንስ ያስከፍላል?

ስልክዎ ላይ ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ የጫነው አንድ ጌም ሳይኖር አይቀርም። አንድ ቀን ከፍተውት፣ ምን እንደሚፈልግ ሳይገባዎት ዘግተውት ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ስድሳን ለተሻገሩና መሞከር ለሚፈልጉ ነው። ምን እንደሚያስፈልግ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ በተለይ ደግሞ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚወጣ ቀስ ብለን እናያለን።

መጀመሪያ «በዚህ ዕድሜዬ?» የሚለውን ጥያቄ እናንሣ። በእኛ አገር ጨዋታ የልጅ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ጥላ ሥር ተቀምጠው በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ገበጣም እንዲሁ። ሰንጠረዥማ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ያውም አጀማመሩ ልዩ ነው። «ወረራ» በሚባለው የመጀመሪያ ክፍል ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እኩል ያንቀሳቅሳሉ። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ይህን የሚያህል ፈጣን ጨዋታ ይጫወቱ የነበሩት ሹማምንት ናቸው።

ከሩቅ አገር ምሳሌ ከፈለጉ ደግሞ ጃፓናዊቷ ሐማኮ ሞሪ አሉ። ጌም መጫወት የጀመሩት በ1981 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው)፣ በ51 ዓመታቸው ነው። በ2020 ደግሞ፣ በ90 ዓመታቸው፣ ጌም እየተጫወቱ በዩቲዩብ ከሚያሳዩ ሰዎች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ተብለው በጊነስ የዓለም ድንቃ ድንቅ መዝገብ ሰፈሩ። ስለዚህ ዕድሜው አያግድዎትም።

ምን ያስፈልገኛል? ይሉ ይሆናል። አሁን በእጅዎ ያለው ስማርት ስልክ ይበቃል። ታብሌት፣ ማለትም ሰፋ ያለ ስክሪን ያለው ስልክ መሰል ዕቃ ካለዎት ለዓይንም ለጣትም ይቀላል። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኙ የጌም ማጫወቻዎችም አሉ፤ ፕሌይስቴሽን ከሰፈር ጌም ቤቶች የተነሣ በስም የምናውቀው ነው። እነዚህ ውድ ናቸው። ከርካሾቹ አንዱ የነበረው የኒንቴንዶ ስዊች በ2017 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ 300 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2025 የወጣው ሁለተኛው 450 ዶላር ገደማ ሆኗል። አንድ አዲስ ጌም ደግሞ ለብቻው 60 ወይም 70 ዶላር ያወጣል። ቤት ውስጥ የልጅ ልጅ የገዛው ካለ ይጠቀሙበት። ለራስዎ ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን አይግዙ።

በየትኛው ልጀምር? አስቀድመው በሚያውቁት ይጀምሩ። ካርታ የሚያውቁ ከሆነ ሶሊቴርን ይሞክሩ፤ ብቻን የሚደረደር የካርታ ጨዋታ ነው። በ1990 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 3.0 ከተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ጋር አብሮ ሲያወጣው ለጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ሰዎች ማውስን ይዘው አንድን ነገር መጎተትና መልቀቅ እንዲለማመዱበትም ጭምር ነው። ዛሬም ጣትዎን ለማለማመድ ጥሩ ነው። ካርታውን በጣት ይጫኑታል፣ ሳይለቁ ይጎትቱታል፣ ከዚያ ይለቁታል። ይህን አንድ እንቅስቃሴ ከቻሉ ከስልክ ጌሞች የብዙዎቹ በር ተከፈተልዎ ማለት ነው።

ዳማ የሚወዱ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የዳማ ደንብ ከአገር አገር ይለያያል። በእንግሊዞቹ ደንብ ተራ ጠጠር ወደ ኋላ አይበላም፤ የነገሠውም ቢሆን የሚሄደው አንድ አንድ ካሬ ነው። በሩሲያው ደንብ ግን ተራ ጠጠር ወደ ኋላም ይበላል፤ የነገሠው ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ ይሄዳል። ዓለም አቀፉ ዳማ በ64 ሳይሆን በ100 ካሬ ገበታ ላይ ነው። ብዙ ሰው አንድ የዳማ ጌም ይጭንና «ይሄ ስልክ ያጭበረብራል» ብሎ ያጠፋዋል። ስልኩ አላጭበረበረም፤ የሌላ አገር ደንብ ነው የያዘው። በሴቲንጉ፣ ማለትም በማስተካከያው ውስጥ፣ እርስዎ ለለመዱት የሚቀርበውን ደንብ ይምረጡ። የእኛዎቹም አሉ፤ ቅኔ ጌምስ የተባለው የኢትዮጵያ ኩባንያ «ገበጣ»ንና ዶሮ የምታመልጥበትን «ኩኩሉ»ን ለስልክ ሠርቷል። ኩኩሉ ሩጫ ስለሆነ ጣት እስኪፈጥን ድረስ ያስቸግራል፤ ገበጣው ግን ይጠብቅዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ጌሙ «ነጻ» ከሆነ የሠሩት ሰዎች ከየት ይበላሉ?

ለመጫን በእርግጥ ምንም አይከፈልም። ገንዘቡ የሚገባው በሌሎች ሁለት በሮች ነው። አንዱ ማስታወቂያ ነው፤ እርስዎ ባዩት ቁጥር አስነጋሪው ለጌሙ ባለቤት ይከፍላል። ሁለተኛው በጌሙ ውስጥ የሚሸጥ ነገር ነው። ጆተኒ ሲጫወቱ መጀመሪያ ይከፍላሉ፣ ከዚያ ይጫወታሉ። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ይጫወታሉ፣ ክፍያው የሚጠየቀው ልብዎ ከተሰቀለ በኋላ ነው።

ካንዲ ክራሽን እንይ። ኪንግ የተባለ ኩባንያ በ2012 ያወጣው ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት ከረሜላዎችን ሲያሰልፉ ይጠፋሉ፣ ከላይ ሌሎች ይወርዳሉ። ጨዋታው በደረጃ የተከፋፈለ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች በጣም ቀላል ስለሆኑ ደስ እያለዎት ያልፋሉ። ቆየት ሲል ይከብዳል። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚሰጥዎት የማንቀሳቀሻ ብዛት የተወሰነ ነው። አምስት «ነፍስ» አለዎት። በተሸነፉ ቁጥር አንዷ ትጠፋለች፤ አንዷ ተመልሳ እስክትመጣ 30 ደቂቃ ይፈጃል። አምስቱም ካለቁ ሁሉም እስኪሞሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

ዋናዋ ቅጽበት የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ደረጃውን ለመጨረስ አንዲት ከረሜላ ብቻ ቀርታለች፣ ማንቀሳቀሻዎ ግን አለቀ። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ሳጥን ይመጣል። ጥቂት ወርቅ ከሰጡ አምስት ተጨማሪ ማንቀሳቀሻ እንደሚያገኙ ይነግርዎታል። ተቀበል የሚለው ቁልፍ ትልቅና ደማቅ ነው። መውጫው ጥግ ላይ ያለች ትንሽ የኤክስ ምልክት ናት። ወርቁ የሚገዛው በእውነተኛ ገንዘብ ነው፤ ሳጥኑ ግን የሚያወራው ስለ ወርቅ እንጂ ስለ ዶላር ወይም ስለ ብር አይደለም። ሰው ያላሰበውን የሚያወጣው በዚህች ቅጽበት ነው። እንዲህ ያሉ ግዢዎች ከ1 ዶላር ገደማ ይጀምሩና እስከ 100 ዶላር ገደማ ይደርሳሉ።

ይህ ትንሽ ንግድ እንዳይመስልዎት። አክቲቪዥን ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ በ2016 ኪንግን የገዛው በ5.9 ቢሊዮን ዶላር ነው። አብዛኛው ተጫዋች ግን አንድም ሳንቲም አይከፍልም። እርስዎም ከአብዛኛው ወገን መሆን ይችላሉ። ነፍስዎ ሲያልቅ ስልኩን አስቀምጠው ቡናዎን ይጠጡ። ጌሙ እንዲጠብቁ ያደረገዎት እንዲከፍሉ ነው፤ እርስዎ ግን ለዕረፍት ይጠቀሙበት።

ታዲያ በስህተት እንዳልከፍል ምን ላድርግ? ትልቁ መከላከያ ስልኩ ላይ የባንክ ካርድ አለማስገባት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ብዙ ሰው ድሮውንም ስልኩ ላይ ካርድ የለውም። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም ዱባይ ከልጆችዎ ጋር የሚኖሩ ከሆነ ግን ስልኩ የልጅዎ የነበረ፣ ካርዱም የእሱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ መቆለፍ ያስፈልጋል።

አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ፕሌይ ስቶርን ይክፈቱ፤ ጌም የሚወርድበት መደብር ነው። ላይኛው ጥግ ላይ ያለችውን ክብ ምስል ይንኩ፣ ወደ ሴቲንግ ይግቡ። ግዢን በሚመለከተው ቦታ «ለሁሉም ግዢ ማረጋገጫ ይጠየቅ» የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃል ወይም የጣት አሻራ ሳይሰጡ ምንም አይገዛም። አይፎን ከሆነ በሴቲንግ ውስጥ «ስክሪን ታይም» የሚባል ክፍል አለ፤ እዚያ ገብተው በጌም ውስጥ መግዛትን ጨርሶ መከልከል ይችላሉ። ይህን ልጅዎ ቢያደርግልዎ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በስህተት ተገዝቶ ቢገኝ ደግሞ አይደናገጡ። በፕሌይ ስቶር 48 ሰዓት ሳይሞላ ገንዘብዎ እንዲመለስ መጠየቅ ይችላሉ።

ማስታወቂያውስ? አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ የሚቆይ ቪዲዮ ነው። ሲጀምር ምንም አይንኩ። ጥግ ላይ የምትታየው ሰዓት ቆጥራ ስትጨርስ የኤክስ ምልክት ትመጣለች፤ እሷን ይንኩ። ምልክቷ አንዳንዴ ከጤፍ ቅንጣት አትተልቅም፣ አንዳንዴም ማስታወቂያው ራሱ የውሸት ኤክስ ይሥላል። ተሳስተው ሌላ ገጽ ቢከፈትብዎ ምንም አልተበላሸም፤ የመመለሻውን ምልክት ይንኩና ወደ ጨዋታዎ ይመለሱ። «ስልክዎ ቫይረስ አለበት» ወይም «ሽልማት ደርሶዎታል» ቢልዎት ግን ማስታወቂያ ነውና አይመኑት።

ማስታወቂያ ዳታም ይበላል። ካርታ፣ ዳማ፣ ገበጣ የመሳሰሉት ከስልኩ ጋር ብቻ ሲጫወቱ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም፤ ጥቅልዎን የሚጨርሰው በመሃል የሚገባው ቪዲዮ ነው። ስለዚህ ከመጫወትዎ በፊት ዳታውን ያጥፉት። ማስታወቂያውም ይቀራል፣ ሂሳብዎም አይነካም። ጌሙን ሲያወርዱ ደግሞ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆነው ያውርዱ። ከመጫንዎ በፊት ፕሌይ ስቶር ላይ ከጌሙ ስም ሥር ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ማስታወቂያ እንዳለው፣ በውስጡም የሚሸጥ ነገር እንዳለው እዚያ ተጽፏል። ሁለቱም ከሌሉበት ጥሩ ነገር አገኙ ማለት ነው።

ሁለት ዓይነት ነገር ግን ጨርሶ ባይነኩት እመክራለሁ። አንደኛው በአጭር ቁጥር በመልእክት የሚመጣ የጌም ወይም የጥያቄና መልስ አገልግሎት ነው። አንዴ «እሺ» ካሉ በየቀኑ ከሂሳብዎ ይቆርጣል። ሁለተኛው ካዚኖ መሰል ጌም ነው፤ ሎተሪ የሚሽከረከርበት፣ ሳንቲም የሚዘንብበት። በእውነተኛ ገንዘብ ሳንቲሙን ይገዛሉ፣ ያሸነፉትን ግን ወደ ገንዘብ መለወጥ አይችሉም። ከቁማር የባሰ ነው ብዬ ነው የማስበው፤ ቁማርተኛ እንኳ አንዳንዴ ያሸነፈውን ይዞ ይወጣል።

ዓይኔና እጄ ይችሉታል ወይ? ዓይን ከአርባ በኋላ ቅርብ ያለውን ማየት እየከበደው መሄዱ የታወቀ ነው። የንባብ መነጽርዎን ያድርጉ። በሴቲንግ ውስጥ የፊደሉን መጠን ያተልቁ። ስክሪን ላይ ሲያፈጡ ዓይን መርገብገብ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ይደርቃል። በየ20 ደቂቃው ቀና ብለው፣ ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ይመልከቱ። ጣትዎን ቁርጥማት የሚይዘው ከሆነ ስልኩን በእጅ ከመያዝ ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው በአመልካች ጣት ይንኩ። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር በፍጥነት የሚዞርባቸው ጌሞች አንዳንድ ሰው ላይ የማዞርና የማቅለሽለሽ ስሜት ያመጣሉ። ከመጣብዎ ያቁሙ፤ ታግለው የሚለምዱት ነገር አይደለም።

ቆመው የሚጫወቷቸውም አሉ። በ2006 ኒንቴንዶ ዊ ከተባለው የጌም ማጫወቻ ጋር የመጣው የቦውሊንግ ጨዋታ፣ እጅን አወዛውዞ ኳስ እንደማንከባለል ያለው፣ አሜሪካ ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያዎች በጣም ተወዶ ነበር። በ2022 የወጣው ስዊች ስፖርትስም ቦውሊንግ አለው። ሚዛንዎ የማያስተማምን ከሆነ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጫወቱ፤ ምንጣፉንና ትንሿን ጠረጴዛ ከፊትዎ ያስነሡ።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ፦ ጌም ለማስታወስ ችሎታ ይረዳል ወይ? በጥንቃቄ ልመልስ። በ2013 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ታትሟል። የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች ከ60 እስከ 85 ዓመት ያሉ ሰዎችን በአንድ ወር ውስጥ ለ12 ሰዓት ያህል ለጥናቱ የተሠራ ጌም አጫወቱ። ጌሙ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪና እየነዱ ብቅ የሚሉ ምልክቶችን መለየት ነው። አዛውንቶቹ ያን ጌም ከዚህ በፊት ካልተለማመዱ የሃያ ዓመት ወጣቶች በልጠው ተገኙ፤ ለውጡም ከስድስት ወር በኋላ አልጠፋም። ደስ የሚል ውጤት ነው። ነገር ግን ለጥናት ተብሎ የተሠራ ልዩ ጌም ነው እንጂ ስልክዎ ላይ ያለው ከረሜላ አይደለም።

በሌላ በኩል ሉሞሲቲ የተባለውን የ«አእምሮ ማሠልጠኛ» ያወጣው ኩባንያ በ2016 ለአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የተከሰሰው ጌሙ በዕድሜ የሚመጣን የመርሳት ችግር ይከላከላል እያለ በቂ ማስረጃ ሳይኖረው በማስተዋወቁ ነው። ስለዚህ ለማስታወስ ችሎታዬ ብለው ወርኃዊ ክፍያ አይክፈሉ። አንድን ጌም ደጋግመው ሲጫወቱ በዋናነት የሚሻሻሉት በዚያው ጌም ነው። መርሳት ካሳሰበዎት ሐኪም ያነጋግሩ።

በእኔ ግምት የጌም ትልቁ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። ከልጆቻቸው ጋር ለመኖር አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሄዱ ወላጆችን ያስቡ። ልጆቹ ሥራ ይሄዳሉ፣ የልጅ ልጆቹ ትምህርት ቤት። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ዝምታ ነው። ማታ ደግሞ የልጅ ልጁ አማርኛው ተሰባብሮ፣ የእርሳቸው እንግሊዝኛ ጥቂት ሆኖ ወሬው ቶሎ ያልቃል። ቼዝ ወይም ዳማ ቋንቋ አይፈልግም። አንድ ገበታ ፊት ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት አብረው ይቆያሉ፤ ልጁም «ተበላህ» ማለትን ከአያቱ ይማራል።

አያት አዲስ አበባ፣ የልጅ ልጅ ቨርጂኒያ ከሆነስ? ይህም ይቻላል። ሊቼስ የተባለው የቼዝ ድረ ገጽና መተግበሪያ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው። በልገሳ የሚተዳደር ስለሆነ ማስታወቂያም የለው፣ የሚሸጥ ነገርም የለው። ሁለታችሁም አካውንት፣ ማለትም የራሳችሁ መለያ ስም ትከፍታላችሁ። አንዳችሁ ሌላውን ለጨዋታ ይጋብዛል። የሰዓቱ ልዩነት እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ነው፤ እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ልጁ ገና ትምህርት ቤት ነው። ለዚህ ነው ሊቼስ ላይ የቀናት ጨዋታ ያለው። ለአንድ እርምጃ አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ከዚያም በላይ መስጠት ይቻላል። እርስዎ ማታ ፈረስዎን ያንቀሳቅሳሉ፣ ይተኛሉ። ጠዋት ሲነሡ የልጁ መልስ ገበታው ላይ ይጠብቅዎታል። ዳታ የሚበላው ጥቂት ነው፤ ቪዲዮ የለውምና።

ከማያውቁት ሰው ጋር የሚያጫውቱ ጌሞችም ብዙ ናቸው። መጫወቱ ክፋት የለውም። ተጫዋቹ በጽሑፍ ማውራት ሲጀምር፣ ቀስ በቀስም ስለ ኑሮዎና ስለ ልጆችዎ ሲጠይቅ፣ ከዚያ ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ላይ እንገናኝ ሲል ግን ያቁሙ። አጭበርባሪዎች ብቸኛ ሰው የሚፈልጉት እንዲህ ባለ ቦታም ነው። ገንዘብ ከጠየቀዎ ደግሞ ለልጅዎ ይንገሩ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ምን ያህል ሲሆን በዛ ይባላል? የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በሕመም መዝገቡ ውስጥ አካቶታል፤ መዝገቡ ሥራ ላይ የዋለው በ2022 መጀመሪያ ነው። መለኪያው የሰዓት ብዛት አይደለም። ማቆም ሲያቅት፣ ጌሙ ከምግብ፣ ከእንቅልፍና ከሰው ሲቀድም፣ ጉዳቱ እየታየም ሲቀጥል ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ከቆየ። ከእራት በኋላ አንድ ዙር ካርታ መደርደር ከዚህ ጋር አይገናኝም። መኝታ ላይ ሆኖ መጫወት ግን እንቅልፍ ያባርራልና ስልኩ ከመኝታ ቤት ውጭ ይደር።

ለልጆች አንድ ቃል አለኝ። ለእናትና አባታችሁ ስልክ ስትልኩ ወይም ስትገዙ ባዶውን አትስጡ። ግዢውን ቆልፉ፣ ፊደሉን አተልቁ፣ የሚያውቁትን አንድ ጨዋታ ብቻ ጫኑ። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጡና የመጀመሪያውን ዙር አብራችሁ ተጫወቱ። ሲሳሳቱ ስልኩን ከእጃቸው ነጥቃችሁ «እንዲህ ነው» አትበሉ። ጣታቸው ራሱ ይንካው፣ ይሳሳት፣ ይመለስ።